ርስትና ጉልት በፕሪሚየር ሊግ፦ ከዓለም ከተማ የቀረበ ጥናት

የርስትና የጉልት ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አብቅቷል ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ይህ ጥናት ግን ሥርዓቱ እንዳልሞተ፣ የጃማን ወንዝ ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ እንደተሰደደ ያስረዳል። ማስረጃው የተሰበሰበው በመርሐቤቴ ዋና ከተማ፣ በዓለም ከተማ፣ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ኳስ ከሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ነው።

ደጋፊው ባለርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ክለብ ግን በአብዛኛው በታላቅ ወንድም በኩል ይወረሳል። ባለርስቱ አይሸጠውም፣ አይለውጠውም፣ ለንደንን ሳያይም «እኛ» ይላል። የክለቡ ባለሀብት በአንጻሩ ባለጉልት ነው፤ ተሹሞ ይመጣል፣ ተሽሮ ይሄዳል። ሮማን አብራሞቪች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ቼልሲን ያዘ። በ2022 የእንግሊዝ መንግሥት ንብረቱን ሲያግድበት ጉልቱ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ በአሜሪካኖች ለሚመራ ቡድን አለፈ። የዓለም ከተማ ቼልሲዎች ግን ዛሬም ከፊተኛው አግዳሚ ንቅንቅ አላሉም።

ስለ ገንዘቡ የደጋፊው አቋም አንድ ነው፦ የእኛ ከሆነ ንጹሕ ነው። ሼክ መንሱር በ2008 ማንቸስተር ሲቲን በያዙበት ዕለት ሮቢንሆ በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዛ። ለሲቲ ባለርስት ይህ ግብር ማብላት ነው፤ ጌታ ድንኳን ጥሎ ጠጅ ሲያስቀዳ ማሩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ብቻ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው የሊቨርፑል ባለርስት ግን ስለ ማሩ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሊጉ በ2023 ሲቲ ላይ ያቀረበውን «115 ክስ» የልጆቹን ልደት ከሚያስታውሰው በላይ ያስታውሰዋል፤ ክስና ፍርድ ይለያያሉ ሲሉት ግን ጨዋታውን እንዳያይ ጋርደውታል።

የአርሴናል ደጋፊ ለጥናቱ ከፍተኛ ፈተና ሆኗል። ስታን ክሮንኬ በ2018 ክለቡን ሲጠቀልለው ቋጣሪ ነበር። በ2023 ለዴክላን ራይስ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሲፈቅድ ያው ሰው አርቆ አሳቢ ሆነ። «በገንዘብ የተገዛ ዋንጫ ዋንጫ አይደለም» የሚለው የአርሴናሎች አቋም አልተሻረም፤ ለጊዜው በይደር ተይዟል። ዩናይትዶች የሚያዝኑት በሌላ ነው። ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን በብድር ገዝተው ዕዳውን በዚያው በክለቡ ጫንቃ ላይ ጣሉት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ደጋፊዎቹ ግሌዘሮች በዚህ በኩል የሚቆጫቸው አንዳችም ነገር እንደማይኖር በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ግኝት አለ። ፓሪስ ሴንት ዠርሜ በ2017 ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ መክፈሉን «ለኳታር ምኗ ነው» ብሎ ያለፈ ተመልካች፣ የቤቱ ባለቤት ለትልቅ ጨዋታ መግቢያው ላይ አምስት ብር ሲጨምር ከወንበሩ ይነሳል። ዝርፊያ ይላል፤ ድሃ ኳስ አይይ ወይ ይላል፤ የሚመለከተው አካል ዋጋ ይቁረጥልን ይላል። አውሮፓ የገንዘብ ቁጥጥር ሕጉን ለማውጣት ጠበቆች ቀጥሮ ዓመታት ፈጀ፤ እዚህ ሙሉው ሕግ በር ላይ ቆሞ፣ ተጫዋቾች እስኪሰለፉ ድረስ ይረቀቃል። ያም ሆኖ አምስቱ ብር ይከፈላል።

የአገር ውስጡ ጉልት በአጭሩ ይታለፋል። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሼክ መሐመድ አል አሙዲን የመሰለ ደጋፊ አግኝቷል፤ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ስለዚህ ያለውን አስተያየት ማተሚያ ቤት አይቀበለውም። ብዙዎቹ ክለቦች ግን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ማለትም ባለርስቱ ሳይጠየቅ ራሱን በራሱ ግብር ያበላል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን አጨብጭቦ፣ የእሱ አጥቂ ግን በጎን ትንሽ እንዲታሰብለት ተመኝቷል።

ሲጠቃለል ዓለም ከተማ የፈረንጅ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ከቼልሲ በፊት አይታለች። ካርል ሃይንዝ በም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ተወራርዶ ባሰባሰበው ገንዘብ የጀመረው «ሰዎች ለሰዎች» በ1990ዎቹ መርሐቤቴ ገብቶ ሆስፒታልና ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። የከተማዋ እህት የሆነችው ፋተርሽቴተንም ያለችው ሙኒክ አጠገብ፣ የክለብ ድምፅ ግማሽና አንድ ከአባላቱ እጅ እንዳይወጣ የሊጉ ደንብ በሚያስገድድበት አገር ነው። ባለርስት ጉልቱንም የያዘበት ይህ ሥርዓት ለዲኤስቲቪ ቤቱ ተሳታፊዎች በዝርዝር ቀረበላቸው። በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ታዲያ በጥር ማንን አስፈረሙ?