«ውሃ አያስገባም» ይሉሃል

ሰኔ ግም ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ዝናቡን ያማርራል። ዝናቡ ምን በደለ? ከላይ የሚመጣውንስ ጃንጥላ ይመልሰዋል። እኔን ያንገሸገሸኝ የታችኛው፣ ጭቃው ነው። ከጭቃውም አስበልጬ የማማርረው፣ ውሃ የማያስገባ፣ የማያንሸራትት፣ ደግሞም የጡረታ አበል የሚችለው ጫማ በዚህ ሁሉ ሱቅ መሃል መጥፋቱን ነው።

ሐኪሙ «አባባ፣ ስኳርዎ እንዲወርድ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ። ምን ላይ እንደምሄድ አልጠየቀኝም። የእሱ ክሊኒክ አስፋልት ዳር ነው፤ የእኔ ቤት አስፋልቱ አልቆ፣ ኮብልስቶኑም ሰልችቶት ከቆመበት ወዲያ ነው።

የልጅ ልጄ ደግሞ ይስቅብኛል። «አያቴ፣ ድሮ በባዶ እግራችሁ አይደል እንዴ የምትሄዱት? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ዓለምን አሸንፎ የለ?» ይለኛል። አዎ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። ግን የሮጠው በአስፋልትና በድንጋይ ንጣፍ ላይ እንጂ ዋልካ ውስጥ አልነበረም! ከዚያስ በኋላ? ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና 2:15:16 የነበረውን ሰዓቱን 2:12:11 አደረገው። ይህን የታሪኩን ግማሽ ማንም አያነሳልኝም። ባዶ እግርን የሚያሞግስ ሰው ዝሆኔ ያሳበጠውን እግር አላየም ማለት ነው። አንደኛው የዝሆኔ ዓይነት ትንኝም ምንም ሳይነካው፣ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመመላለስ ብቻ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጫማ አማረህ አትበሉኝ።

የጫማ ነገር ከአፈሩ ይጀምራል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በሐምሌ ከሶልህ ስር ይለጠፍና፣ በላዩ ሌላ ይለጠፍበትና፣ በወጣትነቴ ስመኘው የኖርኩትን ቁመት ዛሬ ዕድር ስብሰባ ስደርስ ያጎናጽፈኛል። ቀዩ አፈር ደግሞ አይለጠፍም፤ ጠልፎ ይጥልሃል። ለሁለቱም የሚበጀው ጥርሱ ጠለቅ፣ ጥርስ ከጥርስ ራቅ ራቅ ያለ ሶል ነው። ጭቃው በመሃል ሾልኮ የሚወድቅበት ክፍተት ይፈልጋላ! ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ ቅርጽ ያለው ሶል ገና አሥር እርምጃ ሳትሄድ ይደፈንና ልሙጥ ይሆናል። ባለሱቁ ግን ላይ ላዩን ነው የሚያሳይህ። እኔ ጫማውን ገልብጬ ስመለከት «አባባ፣ የሚያምረው እኮ በዚህ በኩል ነው» አለኝ አንዱ። ልድረው መሰለው።

መርካቶ ሄጄ ያላየሁት ጉድ የለም። ጎረምሳው «ፋዘር፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ውሃ አያስገባም» ይልና የሃይላንዱን ውሃ በጫማው አፍንጫ ላይ ያፈሳል። ውሃው እንደ ዕንቁ እየተንከባለለ ይወርዳል። ተመልካቹ ሁሉ ያጨበጭባል። አዲስ ጫማ ላይማ ለምን አይንከባለል፤ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው አለለት! ውሃ መቼ ነው በአፍንጫ የሚገባው? የሚገባው ሶሉና ቆዳው በተጋጠሙበት ስፌት ነው፤ ከማሰሪያው ስር ባለው ምላስ ግራና ቀኝ ነው። ምላሱ ከጎንና ከጎን እስከ ላይ ድረስ ካልተሰፋ፣ ጫማው ውሃ የማይገባበት እስከ ምላሱ ሥር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ባልዲ ታመጣለህ?» አልኩት።

«ለምን፣ ፋዘር?»

«ጫማውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንነክረውና፣ እጄን ውስጡ ከትቼ አቦልና ቶናው እስኪጠጣ እንጠብቃለን።»

ጫማውን ከእጄ ወስዶ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ፋዘርም አላለኝ።

ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ የሚወጡት ወጣቶች ደግሞ «ጎርቴክስ ግዛ» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ ቴፍሎንን አሙቆ በድንገት ሲጎትተው፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ስስ ነገር ሆነለት፤ ላብ በእንፋሎት ይወጣል፣ የዝናብ ጠብታ ግን አይገባም። ብልሃቱን አላንቋሽሽም። ነገር ግን ጭቃ ከላይ ሲለስነው እንፋሎቱ በየት በኩል ይውጣ? ደግሞ ዋጋውን ስሰማ ስኳሬ ከፍ አለ። ያ ጫማ በመኪና መጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ተራምዶ፣ በመኪና ለሚመለስ ሰው ነው።

«እንግዲያው ሳልባጅ ፈልግ፤ ያው የውጭው ነው፣ ርካሽ ነው» የሚሉኝም አሉ። እሱንም አይቻለሁ። ላዩ ቆዳ ያምራል፤ ግን ሶሉ መሃል ያለችው ያቺ እንደ ስፖንጅ የምትለሰልሰው ክፍል፣ ጫማው ሳይደረግ መጋዘን ቢቀመጥ እንኳ፣ እርጥበት ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲበላት ይኖራል። በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ ጎኗን ፈትሽ። ከተፈረፈረች፣ አንተ ዳገት ላይ ሶልህ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ።

ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ቦቲ ነው። አዎ፣ ያው ጥቁሩ፣ ጥበቃና ቀን ሠራተኛ የሚያደርገው፣ ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ይሄን አድርገህ ለቅሶ ቤት ልትገባ ነው?» የምትልበት። ስፌት የለው፣ ምላስ የለው፤ ውሃ በአናቱ ካልሆነ በየት ይገባል? ግን ቦቲም ቦቲ ነው ብለህ አትግዛ። ፕላስቲክ አለ፣ ጎማ አለ። ጥንት ጎማ በሙቀት ይጣበቅ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። ቻርልስ ጉድይር የተባለው ሰው ከድኝ ጋር በእሳት አብስሎ ገራውና እ.ኤ.አ. በ1844 መብቱን አስመዘገበ። የዘንድሮው ርካሽ ፕላስቲክ ግን ያንኑ የጥንቱን ጠባይ መልሶ አመጣልን፤ በሐምሌ ብርድ ይገተርና ጣትህ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስትገዛ እዚያችው ላይ እጠፈው። ነጭ መስመር ካወጣ መልስለት። እንደ ልብ ከታጠፈና ሲለቁት ከተመለሰ ግዛው፤ ጥቂት ብር ቢጨምርብህም ግዛው። ጎማው ቢቀደድ እንኳ ጎሚስታው ዘንድ ብትወስደው በከመነዳሪ ቁራጭና በማስቲሽ ይለጠፍልሃል። ፕላስቲኩ ማስቲሽ አይቀበልም። የሚጠገነው በጋለ ብረት እያቀለጡ ነው፤ ሽታው ሠፈሩን ያስነሳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ከጎኑ ይሰነጠቃል።

አናቱ ከባትህ ብዙ እንዳይሰፋ። የሰፋ እንደሆነ ከሚሮጥ መኪና የሚረጨው ውሃ ቁልቁል ይሞላልሃል፤ ዋልካውም እግርህን ለቆ ቦቲውን ያስቀራል። ቁጥሩን በወፍራም ካልሲ ለካው፤ እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ላቡን ግን ምንም አታደርገውም። ከውጭ ዝናብ የከለከለልህን ከውስጥ ራስህ ታዘንበዋለህ። ባለቤቴ ማታ ማታ ከሰል ምድጃው ጥግ ልታቆመው ትሻለች፤ ይኼ እንኳ ያጣላናል። እሳት ጎማውን ያደርቀዋል፣ ገበሩን ይልጠዋል። ጋዜጣ ጨምድደህ አፍንጫው ድረስ ጠቅጥቅበት፤ ጠዋት እርጥቡን አውጥተህ በደረቅ ለውጠው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ብዙ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ይህንን ግን የሚያህል አላየሁም። ዛሬ ወሬውን ሁሉ ስልክ ላይ አደረጉትና ቦቲዬን የምጠቀጥቅበት አጣሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አስተውለህ ገዝተህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሌላ ጣጣ አለ። መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ላብ የጠጣ ካልሲ ጎማው ላይ ተጣብቆ፣ እኔ በአንድ እግሬ አጥሩን ይዤ፣ አንድ ዲያቆን ተረከዜን እየጎተተ፣ ቅዳሴው እዚያ ደርሷል። ስወጣ ደግሞ ደጁ በጥቁር ቦቲ ተሞልቷል፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጭቃ የለበሰ። ባለፈው ኪዳነ ምሕረት ግራው 42፣ ቀኙ 43 የሆነ ቦቲ አድርጌ ቤቴ ገባሁ። የእኔ 42 ነው፤ ተረከዙ ውስጥ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። በዚያን ቀን ቀኝ እግሩን እየጠበበው የሄደ ሰው ካለ፣ እሁድ ከቅዳሴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ካጠበው ደግሞ አደራ፣ እሳት ዳር እንዳያደርቀው።