ስመ ብዙኃን

የሰዋስው መምህራን ስምን የተጸውዖ፣ የወል፣ የጥቅልና የረቂቅ ብለው ከፋፍለው ባበቁ ጊዜ ሥራቸው የተፈጸመ መስሏቸው ይሆናል፤ ወደ ጎንደር ወጥተው ቢመለከቱ ግን አንድ ሰው ብቻውን ምዕራፍ እንደሚያስጨርስ በተረዱት ነበር። እናቱ የዓለም ስም ታወጣለታለች፤ ካህኑ በ40 ቀኑ የክርስትና ስም ይሰጠዋል፤ ሲጎረምስ ባልንጀሮቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቅጽል ይለጥፉበታል፤ ከሁሉም ጸንቶ የሚኖረው ይኸው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በፍትሐት ጊዜ ካህኑ ወልደ ሥላሴን ሲያሳስብ፣ ዕድሜ ልኩን ከሟቹ ጋር የኖረው ለቀስተኛ «ደግሞ ሌላ ማን ሞተ?» እያለ ይንሾካሾካል።

ነገሥታቱማ ከዚህ በላይ ስመ መንግሥት ጨመሩ። ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ልጁ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ፤ እነዚህስ ግንብ ያነጹ፣ ጦር የመሩ ናቸውና ስሙ እምብዛም አልሰፋቸውም። የሚደንቀው በዘመነ መሳፍንት፣ ሰጋጅ ዓለም ቀርቶ ግብር አቅራቢ የታጣላቸው፣ በራሶች ፈቃድ የሚሾሙና የሚሻሩ ነገሥታት የዙፋኑን ማዕረግ ሳያጎድሉ መጠራታቸው ነው። ከነዚሁ አንዱ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሦ ስድስት ጊዜ ቢወርድ «ፍጻሜ መንግሥት» ተባለ፤ ቅጽል አውጪዎቹ ከጸሓፌ ትእዛዙ ይልቅ ታሪክ ዐዋቂዎች ሳይሆኑ አልቀሩም።

ከቋራ የተነሣው ካሳም በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲቀባ፣ ከትንቢት ስም መርጦ ቴዎድሮስ ተባለ፤ ጦረኛው ግን «አባ ታጠቅ» ማለቱን አልተወም። ፈረሱ ታጠቅ ያለው ያ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለጌታው አበደረው።