ውድ ደንበኛችን ሆይ

ታኅሣሥ 23 ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸች። «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ለልደት በዓልዎ በሰላም አደረሰዎ! የቤተሰባችን አባል በመሆንዎ ኮርተናል» ይላል ባንኬ።

የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ነው። እናቴ ያን ዕለት የሰፈሩ ልጆች ዝናብ ለመጠመቅ ሲራወጡ እኔን ስታምጥ እንደነበረ ዛሬም ታወራለች። ሂሳብ ስከፍት ይህንኑ ለመስኮቷ ልጅ ነገርኳት። «ሲስተሙ 13ኛ ወር አይቀበልም» አለችና ጃንዋሪ 1 ብላ ሞላችልኝ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን የወረሰውም በዚሁ ዕለት ነው። ባንክ ልደት ሲያድል የራሱን ሙት ዓመት መስጠቱ፣ ከዚህ በላይ ምን መቀራረብ አለ?

«ውድ» መባሌንም ወድጄዋለሁ። በየጊዜው ከሂሳቤ የሚቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ ሳይ ግን ውዱ ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ለማንኛውም ቤተሰብ ከሆንን ወግ አለው። አጎቴ ሲያርፉ ባንኩ ለቅሶ ይደርሳላ! ፕሬዚዳንቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ ምክትላቸው ከእድሩ ጎረምሶች ጋር የድንኳን ካስማ ይመታሉ። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን እየፈተሸ የወረፋ ቁጥር ያድላል። የብድር ክፍል ኃላፊዋ ንፍሮ ይዘው ይዞራሉ፤ ከአንድ ጭብጥ በላይ የፈለገ ግን የቤት ካርታ ያስይዛል። አልቃሿ ከማርኬቲንግ ክፍል ትላካለች፤ ደረቷን እየደቃች «ውድ ሟችን፣ ከእኛ ጋር ስለቆዩ እናመሰግናለን!» ስትል አክስቶቼ ይንሰቀሰቃሉ። በሠልስቱ ባንኩ ይቀራል። የእድሩ ዳኛ ቅጣት ይጥሉበታል፤ እሱም «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ይላቸዋል።

ልጄን ስድርም ሽማግሌ አድርጌ እልከዋለሁ። ዋስ ሳይጠራ ልጅቱን አይጠይቅም።

ባለፈው ወር እናቴ ሆስፒታል ገብታ ማስያዣ ተጠየቅሁ። ቤተሰቦቼ ዘንድ ሮጥኩ። ግድግዳው ላይ አንዲት ሳቂታ እናት ሕፃን አቅፋ «እኛ ለእርስዎ አለን» የሚል ፖስተር አለ። ከሥሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ የመስኮቷ ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ኔትወርክ ሄዷል» አለችኝ። በሷ አልፈርድም፤ እሷም እንደኔ ታግታለች። ግን ለፖስተርና ለልደት መልእክት ገንዘብ የሚመድበው ሰውዬ ይስማኝ፦ ፍቅርህን አልፈልግም፣ ብሬን ስጠኝ!

ያን ቀን የጎደለኝን የሞሉልኝ ሰፈራችን ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ናቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው፣ «ሂድ፣ ሲመችህ ታመጣለህ፤ እናትህን እግዜር ይማርልህ» አሉኝ። ሌላ ጊዜም ሳልጠይቃቸው ሁለት ቃሪያ ይመርቁልኛል። ቤተሰባችን ነህ ብለውኝ አያውቁም፤ ልደቴንም አያውቁም። ሽንኩርቱ የበሰበሰ ቀን ግን «ዛሬ አትግዛ» ይሉኛል።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ እንደገና ጮኸች። «ውድ ደንበኛችን፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይላኩ።»

13 ብዬ ላክሁ። «ያስገቡት ቁጥር ትክክል አይደለም» አለኝ።