ውዳሴ ቅርጫት

ከደባርቅ ተነሥቶ የሳንቃበርን መንገድ በመያዝ ቡይት ራስ የደረሰ መንገደኛ፣ የሰሜን ተራሮችን ገደልና የጭላዳውን መንጋ አይቶ ፈጣሪውን ካመሰገነ በኋላ፣ ውኃውን የጨረሰበትን ሃይላንድ ወዲያ ሲወረውር በታየ ጊዜ፣ ሕግ የማያውቅ ሰው ነው ብሎ የፈረደበት ፈራጅ እርሱ ራሱ ሕግ አላነበበም። በ1999 ዓ.ም. ታውጆ እስከ 2017 ዓ.ም. የጸናው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በከተማ ጎዳና፣ በመናፈሻ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያና ይህን በመሳሰለው ሥፍራ ቆሻሻ እንዳይጣል የከለከለው፣ ቅርጫት እያለለት ከቅርጫቱ ውጭ ለሚጥል ሰው ነውና፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ኃጢአትን ከሕግ ጋር እንዳቈራኘ ሁሉ የእኛም ሕግ አውጪዎች በደልን ከቅርጫት ጋር አቈራኝተውታል። እርግጥ አዋጁ ይናገር የነበረው ስለ ከተማ ነው፤ መንገደኛው ግን ከከተማ የመጣ ስለ ሆነ ሕጉን እንደ ስንቁ ተሸክሞት ይዞር ነበር።

እንግዲህ ቅርጫት ያልተተከለበት ቀበሌ ሁሉ፣ አዳም ከመበደሉ በፊት እንደ ነበረችው ገነት፣ ነውር የማይገኝበት አገር ነበር። ይህን ንጽሕና ለማፍረስ የሚደፍር ሹም ይነሣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ሆኖም ተነሣ። ስሟን በማልጠራት አንዲት የደጋ ከተማ ሦስት ቅርጫቶች፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆነው ከአንድ የብረት ቋሚ ላይ ተሰቅለው፣ ሪባን ተቈርጦ፣ ተጨብጭቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቁ፤ ሕዝቡም የሚበሰብሰውን ከአንዱ፣ ላስቲኩን ከሌላው፣ ጠርሙሱን ከሦስተኛው ይጥል ዘንድ ተመከረ። ሰንብቶ አንድ የፈረስ ጋሪ መጣና ሦስቱንም አንድ ላይ ገለበጣቸው፤ ሞት ንጉሡን ከሎሌው እንደማይለይ ጋሪውም ቀለም አይለይምና፣ በሥርዓት የተለያዩት ሁሉ ተቃቅፈው ወደ አንድ ገደል ወረዱ።

ያው አዋጅ የቤት ኃላፊ የሆነ ሁሉ ተመልሶ የሚያገለግለውን ከሚወገደው ለይቶ ወደ ተወሰነለት ሥፍራ እንዲያደርስ ያዝ ነበር፤ ሥፍራው እስኪወሰን ድረስ እማወራዎቹ በአዳራሽ ተሰብስበው እንዲሠለጥኑ ተደረገ። እነዚህ ሴቶች አመዱን ለጓሮ፣ አተላውን ለከብት፣ እበቱን ለኩበት፣ ጣሳውን ለእህል መስፈሪያ፣ ጠርሙሱን ለአረቄ፣ ሃይላንዱን ለጠበል መቅጃ፣ ያረጀውን ልብስ ለልዋጭ፣ የተሰበረውን ብረት ለቆራሌው ሲለዩ ዕድሜያቸውን የፈጁ እንደ ሆኑ፣ ከቤታቸውም የሚተርፈው ጥራጊ ከሦስቱ ቅርጫቶች አንዱን እንኳ ለመሙላት እንደማይበቃ ለአሠልጣኙ የነገረው የለም፤ ቢነገረውም ከማኑዋሉ ውስጥ አልተጻፈምና ባላመነ። «ለይቶ መጣል ባህላችን ይሁን» እያለ ሲያስተምር በየተሰብሳቢው ፊት አንድ አንድ የላስቲክ ውኃ ተደርድሮ ነበር። ጉባኤው ሲበተን ሴቶቹ ባዶውን ሃይላንድ እየለቀሙ በነጠላቸው ሸሽገው ባይወስዱት ኖሮ፣ ሥልጠናው ብቻውን አንድ ቅርጫት ያጣብብ ነበር።

ስለ ፌስታልስ ምን እንበል? አዋጁ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነው እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ሳለ፣ የዳባትም ሆነ የደባርቅ ባለ ሱቅ ይህን ቅጥነት የሚለካበት መሣሪያ ከሚዛኑ አጠገብ ስላልተገኘ ስኳሩን በዚያው ሲቋጥር ኖረ። ከ18 ዓመት ትዕግሥት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን በአዲስ አዋጅ አወገዘው። የአሮጌው ዘመን ፌስታል ግን ውግዘቱን የሰማ አይመስልም፤ ነፋስ አንሥቶ ከጅብራ ቅጠል ላይ ካሳረፈው በኋላ ማን ያወርደዋል? የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የዓለም ቅርስ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ብዙ ዘመን የኖረ ሁሉ እኔም ከቅርስ ወገን ልቈጠር ቢል አያስገርምም። ጭላዳው፣ ሣር ነጭቶ በልቶ ማታ ወደ ገደሉ የሚወርደው፣ ከነዋሪዎቹ መካከል አንድም ፌስታል ያልጣለ እርሱ ነው፤ ሥልጠናም አልወሰደም።

የበጀት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የነገሩ ምሥጢር ያለው በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። ቅርጫት የሚገዛው በፕሮጀክት ገንዘብ ሲሆን፣ ቅርጫቱን የሚገለብጠው ሰው በየወሩ የሚከፈለው ከመደበኛ በጀት ነው፤ ፊተኛው ይመረቃል፣ ኋለኛው አይመረቅም፤ በጋሪ ነጂ ደመወዝ ላይ ሪባን የቈረጠ ሹም ከቶ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ ቅርጫቱ በተገለበጠ ቍጥር ምረቃ እንዲደረግ፣ እንግዶች እንዲጠሩ፣ ንግግርም እንዲሰማ ነው፤ ያን ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳይገለበጥ የሚያድር ቅርጫት በአገሩ ላይ አይገኝም። የተቈረጠው ሪባን ከቢጫው ይጣል ወይስ ከሰማያዊው የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ግን አበሉ ከወዲሁ ሊፈቀድለት ይገባል።