«ቦታ አውቃለሁ» ባዩ ጓደኛ፦ በቫሌንሲያ የፋያስ በዓል ላይ የተመሠረተ ጥናት

የስፔኗ ቫሌንሲያ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች ወር፣ የአናጢዎች ጠባቂ ለሆነው ለቅዱስ ዮሴፍ ክብር፣ በባሩድ ጭስ ትታጠናለች። ፋያስ ስለሚባለው ስለዚህ የጎዳና በዓል ብዙ ተጽፏል። በሐውልቶቹ አሠራር፣ በሴቶቹ የሐር ቀሚስ፣ በርችቱ አቀማመም ላይ ሊቃውንት ደክመዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ በዓሉን አብሮን ስለሚያየው ጓደኛ የተደረገ ጥናት አላጋጠመንም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያንን የእውቀት ክፍተት ለመሙላት ነው።

ዳራውን በአጭሩ እንለፈው። እያንዳንዱ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አዋጥቶ ሐውልት ያሠራል። ሐውልቶቹ ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከፎም ተሠርተው ፖለቲከኛውንም ዝነኛውንም ይሸረድዳሉ፤ ትልልቆቹ ፎቅ ቤት ያክላሉ። ማርች 15 ይተከላሉ፣ ማርች 19 ሌሊት ይቃጠላሉ። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ምስል ምሕረት ተደርጎለት ሙዚየም ይገባል። የተቀረው አመድ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ጓደኛ የሚያሳየው ጠባይ በአራት ይከፈላል።

ሀ. ሒሳብ ሠሪው። ሐውልት ባየ ቁጥር ዋጋውን ይጠይቃል። ሲነገረው «ታዲያ ለምን አያከራዩትም?» ይላል። እሳቱ ሲለኮስ ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን ከሃይማኖት የመጣ አይደለም።

ለ. አነጻጻሪው። «ይሄ እኮ ደመራ ነው!» የሚለው ነው። እሳት አለ፣ ሕዝብ አለ፤ የመስቀል በዓልም እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ችግሩ ይህንኑ በየሐውልቱ ሥር መድገሙ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ሐውልቷ በመቶ ይቆጠራል።

ሐ. ቀራጩ። በዓሉን የሚያየው በስልኩ በኩል ነው። ስለ እሱ የምንጨምረው የለም፤ ራሱ ለጥፎታል።

መ. «ቦታ አውቃለሁ» ባዩ። የጥናቱ ቀሪ ክፍል በሙሉ ለዚህኛው ተመድቧል፤ አጥኚው በዓሉን ያየው ከሱ ጋር ነውና።

ይህ ጓደኛ ሁልጊዜ ጥቂት እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ወደ ኋላ አይዞርም። የሚናገረውም ጥቂት ነው፦ «ና በዚህ»፣ «እመነኝ»፣ «ደርሰናል»። ሦስተኛው ከመድረስ ጋር ግንኙነት እንዳለው እስካሁን አልተረጋገጠም። በከተማዋ ዓመታት መኖሩን በማስረጃነት ያቀርባል፤ የሚያውቃት ከተማ ግን መንገዷ ክፍት የሆነው፣ የቀሪው አሥራ አንድ ወር ቫሌንሲያ ናት።

የመስክ ሥራው በዋናነት የተካሄደው በማስክሌታ ላይ ነው። ማስክሌታ ከማርች 1 እስከ 19 በየቀኑ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት የሚተኮስ የባሩድ ኮንሰርት ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ልብ ይባል። በእነሱ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም ገና በጠዋቱ፣ በዋናዎቹ የበዓል ቀናት የየሰፈሩ ማኅበርተኛ ማርሽ ባንድ አስከትሎ ርችት እያፈነዳ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ «ስምንት ሰዓት እንገናኝ» የተባባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን በየትኛውም አቆጣጠር ቢሄዱ የሚገናኙት ባሩድ ውስጥ ነው።

ጓደኛችን የሚያውቀው «ቦታ» ደግሞ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው በረንዳ ነው። «አንድ ልጅ አለ፤ ቤቱ አደባባዩን ፊት ለፊት ነው የሚያየው።» ልጁ ስልክ አያነሳም። በበዓሉ ሰሞን አደባባዩን የሚያዩ በረንዳዎች በገንዘብ ስለሚከራዩ፣ ልጁ ስልክ ባያነሳ አይፈረድበትም። የዚህ ቦታ ዋና ባሕርይ ከታች ሆኖ መታየቱ ነው።

ሁለተኛው የጀርባ መንገድ ነው። የጀርባ መንገድ ማለት ማንም የማያውቀው መንገድ ሲሆን፣ በጥናቱ ወቅት እነዚያ የማያውቁት ሰዎች በሙሉ እዚያው ተገኝተዋል። አንዱ ላይ የሰፈር ማኅበር ድንኳን ጥሎበታል። ሌላው ላይ ሐውልት ቆሞበታል። ሌላኛው ማርች 17 ማምሻውን ወስዶ የአበባ ሰልፍ ላይ ጣለን፤ በሐር ያጌጡ ሴቶች እቅፍ አበባ ይዘው፣ በማርሽ ባንድ ታጅበው፣ ወደ እመቤታችን አደባባይ ይተማሉ። እዚያ አበባው ግዙፉ የማርያም ምስል የእንጨት አጽም ላይ እየተሰካ ካባ ይሆናል። ሰልፉ እኩለ ሌሊትን ሊያልፍ ይችላል። ጓደኛዬ «አሁን ያልቃል» አለ።

ሦስተኛው «ትንሽ ከፍ ያለ» ነው። ይህ ንዑስ ዘርፍ የባንክ ደረጃን፣ የአበባ መደብ ጠርዝንና የመብራት ምሰሶ መሠረትን ያካትታል። ከፍታው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሁልጊዜ ቀድሞ የቆመበት ሰው አለ፤ ያ ሰው ሁልጊዜ ረጅም ነው።

አሁን ወደ አንኳሩ እንግባ። ማስክሌታ የሚተኮሰው በጠራራ ፀሐይ ስለሆነ የሚታይ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። አደባባዩ መሀል በታጠረ ሜዳ በገመድ የተንጠለጠሉ ርችቶች በተራ ይፈነዳሉ፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ቀጥሎ ምት እየያዘ፣ በመጨረሻ «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚሉት ይመጣል። ድምፁ 120 ዴሲቤል ገደማ ሊደርስ ይችላል። የቫሌንሲያ ሰው ይህን በደረቱ ያዳምጣል፣ ምቱን ያጣጥማል፣ ርችት ተኳሹን ያወድሳል ወይም ያማል። ጭሱ ከጭስ የተለየ አይደለም። ከዚህ የምንረዳው ለማስክሌታ «ጥሩ ማያ ቦታ» የሚባል ነገር በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ እንኳ አለመኖሩን ነው። ይህንኑ ለጓደኛዬ በዝርዝር አስረዳሁት። «ና በዚህ» አለኝ።

የደረስንበት ቦታ ከአደባባዩ ሁለት መታጠፊያ የራቀ የቡኒዌሎ መጥበሻ ድንኳን ጀርባ ነው። ቡኒዌሎ በዱባ የተቦካ ሊጥ ተጠብሶ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ ከትኩስ ቸኮላት ጋር የሚበላ የበዓሉ ምግብ ነው። ከቦታችን የሚታየው የዘይት ጀሪካን ነበር። በሰዓቱ ፋዬራ ማዮር የምትባለው የበዓሉ እመቤት ከማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ሆና ርችት ተኳሹን «ጀምር» ትለዋለች፤ እኛ ሰገነቱንም እሷንም አላየንም። ከዚያ መሬቱ ጀመረ። የሱቆቹ የብረት መዝጊያ ተንጣጣ። ሻጯ በግራ እጇ የስኳር ሳህኑን ተጭና፣ በቀኟ ሊጡን ቀለበት እያደረገች ዘይት ውስጥ መጣሏን አላቋረጠችም። ሲያበቃ መንገዱ ሁሉ አጨበጨበ። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ «አየህ? ምን አልኩህ!» አለ።

ያየሁት ጀሪካን ነው። ነገር ግን አደባባዩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የቆመው ሰውም ከጭስ በቀር ብዙ እንዳላየ በሳይንሳዊ ታማኝነት መመዝገብ አለበት።

ሙከራው ማርች 19 ሌሊት በማቃጠሉ ሥነ ሥርዓት ላይ ተደግሟል። ጓደኛዬ የመረጠው ቦታ ከሐውልቱ በስተጀርባ ሲሆን፣ ከአንድ ፖለቲከኛ መቀመጫ በቀር የሚታይ የለውም። እሳት አደጋዎቹ ዙሪያውን ያሉትን ፎቆች ግድግዳ ያረጥባሉ፤ ወጣቶቹ «እኛንም! እኛንም!» ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ ለሐውልቱ ላይ ታች ስትል የከረመች የሰፈሩ ልጅ፣ ሲነድ እያየች በጓደኞቿ ትከሻ ላይ ስታለቅስ ግን ከጀርባም ይታያል። ሒሳብ ሠሪው እንኳ እዚህ ላይ ዋጋ አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ «ቦታ» በርቀት፣ በነፋስ አቅጣጫና በጫማ ዓይነት እንዲመደብ ታቅዶ ነበር። «እኛንም!» የተባለው ውሃ ስለመጣ፣ አጥኚውም ስለራበው፣ ምደባው እዚህ ላይ ይቁም።

ድምዳሜ፦ «ቦታ አውቃለሁ» ባይ ቦታ አያውቅም። በዓሉ ግን ከተማውን ሙሉ ስለሚይዝ፣ የትም ቢወስዱህ እሱ ውስጥ ነህ። ፋያስን ልታይ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ የለመድከውን ጫማ አድርግ፤ ማስክሌታው ሲጀመር አፍህን ገርበብ አድርገህ ያዝ፤ ጓደኛህ «እመነኝ» ሲልህ ተከተለው። ምሳህን ግን ቀድመህ ብላ።