በየወሩ የምንገዛው ቴሌቪዥን

ድሮ ቴሌቪዥን የሚገዛው አንድ ጊዜ ነበር። ይገዛል፣ በታክሲ ተጭኖ ይመጣል፣ ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይላል፣ ዳንቴል ይለብሳል፤ አለቀ። የሚታየውም ቢሆን ጠብ አያስነሳም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሥራ ሲጀምርም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ባለ ቀለም ሲሆን፣ ለተመልካቹ የቀረበለት ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ማየት ወይም ማጥፋት። አባባ ተስፋዬ ብቅ ሲሉ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ባለ ቴሌቪዥኖቹ ቤት ምንጣፍ ላይ ይደረደራል። "ሌላ ጣቢያ ቀይሩልኝ" ብሎ ያለቀሰ ልጅ ግን አልነበረም። ሌላ ጣቢያ የት አለና!

ዛሬ ቴሌቪዥን የምንገዛው በየወሩ ነው። ስክሪኑ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ውስጡ ያለውን ግን ደመወዝ በወጣ ቁጥር እንደገና እንገዛዋለን። የኳሱ ጥቅል አለ፣ የዋይፋዩ አለ፣ የእያንዳንዳችን ስልክ ጥቅል አለ፣ በላያቸው ላይ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። (ታክሱን አልቀየመውም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያው 15 በመቶ ነው፤ ከወጪዎቻችን ሁሉ ቃሉን የጠበቀ እሱ ብቻ ነው።) ድሮ ክፍያ በሰልፍ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጣና ሶፋ ላይ ተቀምጠን እንከፍላለን። ምቾቱ ምቾት ነው፤ ሰልፉ ግን ቢያንስ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ ይሰጥ ነበር።

ባለቤቴ ወጪውን ሁሉ በደብተር ትይዛለች። ጤፍ፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕድር እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ "ልዩ ልዩ" ይላል። የእኔ ኳስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከሻማና ከበረኪና ጋር። ኑሮ ሲከብድ ደግሞ መጀመሪያ መቀስ የሚያርፍበት "ልዩ ልዩ" ነው።

"እስቲ ከእነዚህ ሁሉ ጣቢያዎች የምታየው የትኞቹን ነው?" አለችኝ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

"ብዙ ነው።"

"ጥራልኛ!"

ኳሱን ጠራሁ። ዜናውን ጠራሁ። ቀጥዬ አንበሳና የሜዳ አህያ የሚያሳየውን ጣቢያ ጠራሁ።

"እሱን እኮ ተኝተህ ነው የምታየው" አለችና ሰረዘችው።

አማቴ ከሶፋው ጥግ ሆነው፣ "የእኔን ቱርኮች አትንኩብኝ እንጂ ሌላውን እንደፈለጋችሁ" አሉ። አማቴ ኢስታንቡልን በዓይናቸው አላዩም፤ ማን የማንን ርስት እንደቀማ፣ የትኛዋ ምራት መሠሪ እንደሆነች ግን አጥርተው ያውቃሉ። ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር "ባህላችንን፣ ኪነ ጥበባችንን" ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በእኛ ቤት ክርክሩ የተዘጋው በደብተሩ ነው። ነፃ ነው፤ ስለዚህ ጸደቀ።

ነፃ ስል ዲሽ ሠሪው ከተቀበለው በቀር ማለቴ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀምር የአገራችን ጣቢያዎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለችው ሳተላይት ተሰባሰቡ፤ ለዓመታት ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲያይ የኖረው የአዲስ አበባ ሳህንም እንደ አስቀዳሽ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የእኛን ለማዞር ዲሽ ሠሪው ኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ልጄ ደረጃው ላይ ቆመች፣ ባለቤቴ ስክሪኑ ፊት ተተከለች። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች ሳተላይት በቁልፍና በጩኸት ስትፈለግ ማየት ነበር።

"መጣ?"

"አልመጣም!"

"አሁንስ?"

"ትንሽ መጥቶ ሄደ!"

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉና፣ "ማነው እሱ? ምነው ግባ ብትሉት" አሉ።

የክፍያው ኳስ ላይ ግን ድርድሩ መረረ። መከራከሪያዬ የኢኮኖሚ ነበር። ኳስ ቤት ውስጥ ካልታየ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ይታያል፤ እዚያ ደግሞ መግቢያ አለ፣ ከመግቢያው በኋላ ማኪያቶ አለ፣ ቡድኔ ከተሸነፈ ከማኪያቶው በኋላም ሌላ መጠጥ አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ ይጫወታል፤ አባዢው አልኳት።

"የአንድ ቡድን ብቻ ነው የምታየው?"

"አይ፣ የምንጠላቸው ሲሸነፉም ማየት አለብኝ።"

ይህችኛዋን ባትሰማ ይሻል ነበር።

የታረቅነው በወቅት ነው። ሊጉ ግንቦት ላይ ይዘጋና ነሐሴ ላይ ይከፈታል። ክፍያው የወር በወር ስለሆነ ካልከፈሉት ይዘጋል፣ ሲከፍሉት ይከፈታል። እንግዲያው ሰኔና ሐምሌ ለባዶ ሜዳ ለምን እንገብራለን? ሐምሌ ደግሞ ብንከፍልም ጥቅሙ ግማሽ ነው። ሰማዩ ሲጠቁርና ዝናቡ ሲያይል ጠብታው ሞገዱን ይውጠውና ስክሪኑ "ሲግናል የለም" ብሎ ቁጭ ይላል። የአዲስ አበባ ክረምትና የእንግሊዝ ተጫዋቾች ዕረፍት መገጣጠሙ ለድኻ የተደረገ ቸርነት ነው። የሁለት ወሩ ገንዘብ ወደ መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ዞረ፤ ፈረምኩ።

ኢንተርኔት ግን በወቅት አይታረቅም። ኳስ የሌለበት ሰኔ ይታሰባል፤ ዋይፋይ የሌለበት ማክሰኞ አይታሰብም። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ "እንዴት ዋላችሁ?" ካለችን ዋይፋዩ እንደተቋረጠ እናውቃለን። ከጎረቤት ጋር አዋጥተን በአንድ መስመር መጠቀምንም ሞክረናል። መዋጮው እኩል ነው፤ የእነሱ ጎረምሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጌም ያወርዳል። ወጪያችን ቀነሰ፣ ሰላምታችንም ቀነሰ፤ ስለዚህ ተለያየን።

"ፍጥነቱን እናሳድግ" የሚል ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡን ይስማ። ፍጥነት የሚሸጥልን በሜጋ ቢት ነው፤ የምናወርደው ነገር የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። 8 ሜጋ ቢት የሚባለው መስመር ቢበዛ በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ያወርዳል። ይህን ያላወቀ ሰው ስምንት እጥፍ ጠብቆ ስምንት እጥፍ ይናደዳል። በሌላ በኩል አንድ ፊልም ጥርት ብሎ እንዲታይ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃዋል። እንደ እኔ እምነት በብዙ ቤት የጎደለው ፍጥነት ሳይሆን የራውተሩ አቀማመጥ ነው። የእኛን ራውተር አማቴ ብፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ በእጃቸው በሠሩት ዳንቴል ሸፍነው አስቀምጠውት ነበር።

"እማማ፣ ይሄ ነገር እኮ ሲታፈን ይግላል፤ ሲግናሉም አይወጣም።"

"ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ልጄ።"

በብዙ ልመና ወደ ኮሪደሩ ተዛወረ፣ ዳንቴሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትልቁ ጥቅል የተነሣ ጥያቄ የለም። ራውተሩ ከሚሰጣቸው ሁለት ሞገዶች ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ባለ 2.4ቱ ዝግ ይላል እንጂ ጓዳ ድረስ ይገባል።

ዋናው ሌባ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ራውተሩ ይጠፋል፤ ስልኩ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። ልጄ በእናቷ ስልክ የጀመረችውን ፊልም ሳታቋርጥ ትቀጥላለች። በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት ይበላል፤ ጥራቱ ዝቅ ሲል ወደ 1 ጊጋ ይወርዳል፤ ዝቅ ያደረገው ግን የለም። መብራቱ ሲመጣ የባለቤቴ የሳምንት ጥቅል የለም። አሁን ቤታችን መብራት ድርግም ባለ ቁጥር፣ ሻማና ክብሪት ከመፈለጉ በፊት፣ ከየክፍሉ የሚሰማው ጩኸት "ዳታ አጥፉ!" ነው።

በጀቱ በዚህ ጸድቋል፤ ባለቤቴም በደብተሩ ላይ ሰኔና ሐምሌን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛቸዋለች። እሷ የምታስታውሰው የዓለም ዋንጫ የኳታሩን ነው፤ እሱ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 ስለተካሄደ ሒሳባችንን አልነካም። የቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ግን ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ 48 ቡድኖች፣ 104 ጨዋታዎች። ይህን እስካሁን አልነገርኳትም። እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ መንገድ ላይ ካገኛችኋት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አጫውቷት።