"ደረቱን ደብድቢው" ያልኩሽ የዶሮውን ነው

ሚላኖ፣ በዐቢይ ጾም

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

በዚህ ዘመን ወረቀት ላይ ጽፌ በሰው እጅ የምልክልሽ ወድጄ አይደለም። ባለፈው በስልክ "ደረቱን በደንብ ደብድቢው፤ እስኪሳሳ ድረስ አትራሪለት" እያልኩሽ ኔትወርኩ ተቆረጠ። አንቺ ደግሞ ከዚያ በፊት የባልሽን የጋሼን ማምሸት ስታጫውቺኝ ነበር። ምክሬ በማን ላይ እንደዋለ ከልጅሽ ሰማሁ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። የሚደበደበው የዶሮው ደረት ነው።

ልጅሽ ከፋሲካ በኋላ ለሚውለው ልደቷ "ዶሮ ወጥ ሰለቸኝ፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ኩርሽም ኩርሽም የሚለው የጣሊያን ዶሮ ይሠራልኝ" ብላለች አሉ። ዶሮ ወጥ ሰለቸኝ የሚል ልጅ ከእኛ ዘር መውጣቱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ለጊዜው እንለፈውና ልጅሽ ወደ ፈለገችው ዶሮ፣ ወደ ኮቶሌታው እንሂድ።

ይህን ምግብ ያስተማሩኝ የምጦራቸው ሲኞራ ናቸው፤ በቪዲዮ "ቻው ቻው" የሚሉሽ። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጆሯቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጠው ፖስተኛው ታች የማንን ሳጥን እንደከፈተ ይለያል። ስለዚህ ኮቶሌታ ሳቀርብላቸው አያዩትም፣ ያዳምጡታል። የሹካውን ጀርባ ይዘው ቅርፊቱን ቀስ አድርገው ይመቱታል። ቋ፣ ቋ ካለ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ድምፁ የታፈነ እንደሆነ ሹካቸውን አስቀምጠው "ይሄ የተቀቀለ ነው" ይላሉ፤ ለመቅመስ እንኳ አይደክሙም። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ስለሆንኩ የፍስኩን አልቀምስም። እንግዲህ አስቢው፤ በይዋ አያዩ፣ ሠሪዋ አትቀምስ፣ ሁለታችን ሳህን ላይ አቀርቅረን ዶሮ ስናዳምጥ።

ጾም ካነሳሁ አይቀር፣ እሳቸውም "እኛም እኮ እንጾማለን" ይሉኛል። የሚላኖ ሰው የቅዱስ አምብሮስዮስን ሥርዓት ስለሚከተል፣ ሌላው ካቶሊክ ረቡዕ ጾም ሲገባ እዚህ እስከ ቅዳሜ ካርኒቫል ነው፤ ጾሙ የሚያዘው ከእሑድ ጀምሮ ነው። አራት ቀን አተረፉ ማለት ነው። ከገቡም በኋላ ዓርብ ዓርብ ሥጋውን ትተው ዓሣ ይበላሉ። ዓሣውን በቅቤ አስጠብሰው "ጾመኛ ነኝ" ሲሉኝ ምን ልበላቸው? "ይቀበልልዎት" እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሲኞራ ፊት የዶሮውን "የሚላኖ ኮቶሌታ" ብለው የወር ደሞዜ ያሰጋኛል። የሚላኖው የጥጃ ጎድን ነው፤ ከነአጥንቱ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በቅቤ የሚጠበስ። የከተማው አስተዳደር ሳይቀር በፈረንጆቹ 2008 የከተማዋ ምግብ ብሎ መዝግቦታል። የዶሮው የአዘቦት ቀን ነው፤ የልጆች፣ የተማሪ ቤት፣ ኪስ የሳሳ ጊዜ። እኔና አንቺ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

የጥጃው ወግ ግን ቤታችን ውስጥ አያልቅም። በ1134 የቅዱስ አምብሮስዮስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ከቀረበላቸው የበዓል ግብዣ መካከል ዳቦ የለበሰ ሥጋ እንደነበረ የሚናገር የላቲን ሰነድ አለ፤ ሲኞራ በቃላቸው ይወጡታል። ይህን ያህል ማስረጃ የሚሰበስቡት በቪየና ሰዎች ምክንያት ነው። ኦስትሪያ ሚላኖን እስከ 1859 ገዝታ ስለነበር፣ የእነሱን ሽኒትዝልና የእነዚህን ኮቶሌታ ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ራዴትስኪ የተባለው የኦስትሪያ የጦር አዛዥ የሚላኖውን ጥብስ እያደነቀ ወደ ቪየና ደብዳቤ ጽፏል ይባላል። ደብዳቤውን አየሁ የሚል ግን አልተገኘም። ሲኞራን ብትጠይቂ "ቪየናዎቹ ደብቀውት ነው" ይላሉ። እኛ አገር ይህን ያህል ዘመን የሚያካስስ ርስት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለጥጃው የሚሆነውን ቅቤ ሲያሠሩኝ ግን ልቤ ራራ። በትንሽ እሳት አቅልጪው አሉኝ፣ አረፋውን ግፈፊው አሉኝ፣ ከሥር የተኛውን ነጭ ዝቃጭ ትተሽ ጥሩውን ቅጂ አሉኝ። ቅቤ አንጥሪ እያሉኝ ነው! ኮረሪማ የለ፣ ኮሰረት የለ፣ በሶብላ የለ፤ ራቁቱን ነው የሚያነጥሩት። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ሳይነጠር ቢጠበስበት ዝቃጩ ቶሎ አርሮ ሥጋውን ያጠቁረዋል። "እኛም አገር እኮ ቅቤ ይነጠራል" ብላቸው፣ "ከእኛ ተምራችሁ ነው?" አሉኝ። መልስ ሰጥቻቸዋለሁ፣ በአማርኛ። አንቺ ግን ለዶሮው የቤትሽን ንጥር ቅቤ እንዳታወጪ፤ ልጅቷ ካልጠፋ ቀን ከዶሮ ወጥ ሸሽታ እዚያው ዶሮ ወጥ ውስጥ ትወድቃለች። የሱፍ ዘይት ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የሐበሻ ዶሮ አትግዢ። ሥጋው ጠንካራ፣ ደረቱ ስስ ነው፤ ግማሽ ቀን ድስት ውስጥ ለመዋል የተፈጠረ ዶሮ በጥቂት ደቂቃ እሺ አይልሽም። የፈረንጅ ዶሮ፣ ደረቱ ተለይቶ የሚሸጠውን ውሰጂ። ለአራት ሰው 600 ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ 12 ብልት ማውጣት፣ ለአባወራ ፈረሰኛ መለየት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም እኩል ነው። ጋሼ እንዴት እንደሚያዩት እንጃ።

ማጠቡን በተመለከተ ከሲኞራ ጋር ጦርነት ላይ ነን። እዚህ ጥሬ ዶሮ አይታጠብም። ውሃው ሲፈናጠቅ ጀርሙን ዕቃው ላይ ይረጨዋል፣ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው ይላሉ የጤና ሰዎች። ዶሮ በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል ሲታጠብ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ ከላስቲኩ አውጥቶ በቀጥታ መክተፍ እጄን ያሳክከኛል። አንቺም እንደማትሰሚኝ አውቃለሁና አልከራከርሽም። ብቻ ካጠብሽው፣ ውሃ አይቶ የማያውቅ እስኪመስል በሶፍት አድርቂው። እርጥብ ሥጋ ላይ ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል፤ መጥበሻ ላይ ሲወጣም እንፋሎቱ ከሥር ገፍቶ ልብሱን ያስወልቀዋል።

ደረቱን በጎኑ ሰንጥቀሽ ስስ ስስ ቁራጭ አውጪ፣ በንጹሕ ላስቲክ መካከል አድርጊና ደብድቢ። ዘነዘና እንዳታነሺ፣ ክትፎ ይሆንብሻል። የዳቦ መዳመጫ ወይም የትንሽ መጥበሻ ቂጥ ይሻላል። ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሽ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ እስኪል። ቁም ነገሩ ሁሉም ቦታ እኩል መሆኑ ነው፤ አለበለዚያ ዳሩ ሲደርቅ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። እኔ ስደበድብ ከታች ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት እየመቱ ይመልሱልኛል። ሲኞራ በዚህ ደስ ይላቸዋል፤ "ምሳው ፓስታ ብቻ ሆኖበት ነው" ይላሉ።

ፍርፋሪውን አትግዢ። ያደረ ዳቦ ቆራርሰሽ አድርቂና በሙቀጫ ውቀጪው፤ ግን እንዳይልም። የሚንኮሻኮሸው ሻካራው ነው። ስኳር ያለበት ዳቦ ቶሎ ያርራል። ፎርማጆ ካገኘሽ 50 ግራም ያህል ፈግፍገሽ ቀላቅይበት፤ አይብ ግን አይሆንም፣ ውሃ አለው። በርበሬ ልትጨምሪ እጅሽን ስትሰጂ ደግሞ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። መልሺው! ዘይት ውስጥ ያርርና ይመርራል። ቁንዶ በርበሬ ተፈቅዶልሻል።

ከዚያ ሦስት ሳህን ደርድሪ፤ አንዱ ላይ የፉርኖ ዱቄት፣ አንዱ ላይ የተመታ እንቁላል፣ አንዱ ላይ ፍርፋሪ። ዱቄቱ የሥጋውን እርጥበት ይጠጣል፣ እንቁላሉ ዱቄቱን ይይዛል፣ ፍርፋሪው እንቁላሉን ይይዛል። ሲኞራ "ዱቄት የቪየና ነገር ነው" ብለው ለጥጃው አይፈቅዱም፤ ለዶሮው ሲሆን ግን ዝም ይላሉ። ቀኝ እጅሽ ደረቁን፣ ግራሽ እርጥቡን ይያዝ፤ ካልሆነ የሚጠበሰው ጣትሽ ነው። ፍርፋሪውን በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርገሽ፣ ልብሱ እንዲይዝ ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ አሳርፊው።

ዘይቱ መጥበሻው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቁም። የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ስትነክሪበት ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ አረፋ ካወጣ ደርሷል፤ በቁጥር ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው። አታጣቢው፤ ሁለት ሁለት ብቻ። አንድ ላይ ከከመርሽው ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ መጥበሱን ትቶ ይሰርጋል። በየጎኑ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ አንዴ ብቻ ገልብጪው። ስታወጪው ሳህን ላይ አትደራርቢው፤ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሽቦ ላይ አድርጊው። ጨው የሚነሰነሰው ያን ጊዜ ነው።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስን። እትዬ፣ ክዳን አታድርጊበት። አውቅሻለሁ። አንቺ ቤት ያልተከደነ ምግብ የለም፤ ዳቦ በጨርቅ፣ ወጥ በክዳን፣ እንጀራ በመሶብ፣ ያም አልበቃ ብሎ በላዩ ላይ ፎጣ። ይህን ከከደንሽው የራሱ እንፋሎት ተመልሶ ይወርድበትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሲኞራ "የተቀቀለ" ይሆናል። መክደን ብቻ ሳይሆን ደግነትሽም ያበላሸዋል። እንግዳ እስኪሞላ፣ የሞላው እጁን እስኪታጠብ፣ "እርስዎ ይቅደሙ"፣ "ኧረ በሞቴ እርስዎ" እስኪባባል፣ ያረፈደችው ጎረቤት እስክትጠራ... ዶሮ ወጥ ይህን ሁሉ ይችላል፤ እንዲያውም ሲያድር ይብስ ይጥማል። ኮቶሌታ ይሉኝታ አያውቅም። ስለዚህ የሚጠብቀው እንግዳው ይሁን። ልጆቹን አስቀምጪ፣ ጸሎቱ ይቅደም፣ ሎሚው ተቆርጦ ይቅረብ፣ ሻማውም ይጥፋ፤ ዘይቱ እሳት ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ቆመሽ እያወጣሽ ትሰጫለሽ። "አንቺም ቁጭ በይና ብይ እንጂ" ቢሉሽ እንዳትሰሚ። እንጀራ ላይም እንዳታስቀምጪው፣ ከሥር ያረጥበዋል።

አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ደግሞ "እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው" ብላ ፎቶ ልካልኛለች። ያን የመሰለ ኩርሽም የሚል ዶሮ ላይ የቲማቲም ስጎ አፍስሰው፣ ቺዝ ጭነው ፉርኖ ውስጥ አስገብተውታል። ወደዚያ የተሰደዱ ጣሊያኖች ያመጡት አሠራር ነው። ሲኞራ ፎቶውን ማየት ስለማይችሉ በቃል ተረኩላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ "ስደት ክፉ ነው" አሉኝ።

እኔ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍት ነኝ። ፖርታ ቬኔዚያ ወደሚባለው ሰፈር እወጣለሁ፤ የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው፣ እንጀራም አይጠፋም። በገና ለሲኞራ ዶሮ ወጥ ሠርቼላቸው ነበር። ሦስቴ አስጨለፉኝ፤ እንባቸው እየወረደ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ "እንቁላሉን ካገኛችሁት አይቀር ምነው ሳትመቱት ቀራችሁ?"

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ሽሮና በርበሬ አደራ። ኮረሪማና ኮሰረትም ጨምሪልኝ፤ የሲኞራን ራቁት ቅቤ አንድ ቀን ላለብሰው አስቤያለሁ። ቪየናዎቹ እንኳ ያላሰቡት ነው።

አክባሪ ታናሽ እህትሽ